የብቅል ከረጢት፦ በቤት ውስጥ ቢራ ለሚጠምቁ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ልኩና ስለ አጠቃቀሙ

ቢራ በቤቱ ለመጥመቅ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ብቅሉ፣ ስለ እርሾውና ስለ ድስቱ ነው፤ ብቅሉ የሚነከርበት ከረጢት ግን ማንኛውም ስስ ጨርቅ ይበቃዋል ተብሎ እስከ መጨረሻው ሰዓት ይቆያል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ አጠገብ ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ አምስት ኪሎ ብቅል የያዘውን ከረጢት ከትኩሱ ድስት ብድግ ሳደርግ የታችኛው ስፌት ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ፤ ብቅሉ እንዳለ ተመልሶ ድስቱ ውስጥ ወደቀ፤ ትኩሱ ፈሳሽም ክንዴ ላይ ተረጨ። ድምፁን ሰምተው የወጡት ጎረቤታችን ለዓመት በዓል ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ እናት ናቸው። ክንዴን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንድነክር ካደረጉኝ በኋላ ከረጢቱን አንሥተው በጣታቸው ዳበሱትና «ልጄ፣ ጨርቁስ ምንም አልሆነ፤ የከዳህ ክሩ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ጨርቁ ጠንካራ የመጋረጃ ፖሊስተር ሲሆን፣ እኔው መርጬ ባቀረብኩት የጥጥ ክር በአንድ መስመር ብቻ የተሰፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ጠምቄ የተረዳሁት፣ ከረጢት ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ጨርቁ ዓይነት ቢሆንም ሥራውን የሚያሳካው ወይም የሚያበላሸው በአብዛኛው ልኩና ስፌቱ መሆኑን ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ጨርቁ የሚገባውን ያህል ተናግሬ፣ በልኩና በአጠቃቀሙ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ።

ከረጢቱ የሚሠራው ሥራ

ብቅል ማለት ተነክሮ፣ ጎንቁሎ፣ ከዚያም የደረቀ እህል ነው። ገብሱ ሲጎነቁል በፍሬው ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይፈጠራሉ። የተፈጨው ብቅል ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ኢንዛይሞቹ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ውኃውም ዎርት የሚባለው ጣፋጭ ፈሳሽ ይሆናል። ሙቀቱ ወደ 65 ሲጠጋ እርሾ በቀላሉ የሚበላው ስኳር ስለሚበዛ ቢራው ቀለል ያለ ይሆናል፤ ወደ 68 ሲጠጋ ደግሞ እርሾ የማይበላው ስኳር ስለሚተርፍ አፍ ላይ ሞላ የሚል ቢራ ይገኛል።

በጠላ አሠራር ብቅሉ፣ ጌሾውና እንኩሮው አንድ ላይ ተደፍድፈው ከነአተላቸው ጋን ውስጥ ይቆያሉ፤ ማጥለል የሚመጣው መጠጡ ከደረሰ በኋላ ነው። በቢራ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ብቅሉ እርሾ ከመጨመሩ በፊት፣ እንዲያውም ፈሳሹ ከመፍላቱ በፊት፣ ከዎርቱ ተለይቶ መውጣት አለበት። የገብሱ ቅርፊት ከፈሳሹ ጋር አብሮ ከፈላ ታኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቅቃል፤ ይህም ለረጅም ሰዓት እሳት ላይ እንደ ቆየ ሻይ አፍን የሚያደርቅ ጣዕም ይሰጣል። ቢራ ፋብሪካዎች ዎርቱን የሚለዩት ወለሉ በጠባብ ቀዳዳዎች በተበሳ ትልቅ በርሜል ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ እውነተኛው ማጥለያ በወለሉ ላይ ተደላድሎ የተኛው የብቅሉ ቅርፊት ነው። የከረጢቱ ዘዴ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000ዎቹ አጋማሽ በአውስትራሊያ የቤት ጠማቂዎች ዘንድ ጎልብቶ ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተው፣ ይህን ሁሉ ዕቃ በአንድ ድስትና በአንድ ጨርቅ ይተካዋል። ውኃው በሙሉ በአንድ ጊዜ ድስቱ ውስጥ ይገባል፣ ብቅሉ በከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ይነከራል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከረጢቱ ይወጣል፣ ድስቱ ውስጥ የቀረው ዎርትም እዚያው ይፈላል።

ማጥለያው ቅርፊቱ መሆኑ ቀርቶ ጨርቁ በመሆኑ ሁለት ጥቅሞች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ፋብሪካ ውስጥ ማጥለያውን ይደፍናል ተብሎ የሚፈራው ደቀቅ ያለ አፈጫጨት እዚህ ብዙም አያሳስብም፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ ስንዴ ያለ ቅርፊት የሌለው ብቅል ያለ ችግር መጠቀም ይቻላል። ጤፍን ለመሞከር የሚያስብ ሰው ግን ፍሬው ራሱ ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም የማይበልጥ መሆኑን ያስብ፤ ሲፈጭ አብዛኛው በማንኛውም ከረጢት ቀዳዳ አልፎ ድስቱ ግርጌ ይቀመጣል።

ጨርቁ

የጨርቁ ቀዳዳ ብቅሉን ይዞ ፈሳሹን መልቀቅ አለበት። ለዚህ ሥራ ተስማሚ ሆኖ የተገኘው ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ ነው፤ ይህም ለመስኮት የውስጥ መጋረጃ ከሚውለው ስስ የፖሊስተር ጨርቅ ቀዳዳ ጋር ይቀራረባል። ቀዳዳው ከዚህ በጣም ከሰፋ ዱቄቱ ያልፍና ድስቱ ሥር ይዘቅጣል፤ በኋላ ዎርቱ ሲፈላ ይህ ዝቃጭ ያርና የቢራውን ጣዕም ያበላሻል። በጣም ከጠበበ ደግሞ ፈሳሹ አልወርድ ይላል፤ ከረጢቱ ሲነሣ ብቅሉን ብቻ ሳይሆን ግማሹን ድስት ይዞ ይነሣል፤ ስፌትም ወገብም የሚጎዳው ያኔ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው በቤቱ ያለውን የጥጥ ጨርቅ ነው፤ አቡጀዲ፣ አሮጌ ነጠላ ወይም ሻሽ። ጥጥ ለጠላና ለጠጅ ማጥለያነት የቆየ አገልግሎት አለው፤ እዚያ ግን ፈሳሹ ቀዝቃዛ ነው፣ ጨርቁ የሚሸከመውም ትንሽ ነው። በትኩስ ዎርት ውስጥ ጥጥ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በአበጠ መጠን ቀዳዳው ይጠብባል፣ ሲታጠብ ይሸበሸባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቶሎ ስለማይደርቅ ይሻግታል። ለአንድ ጊዜ ሙከራ ካልሆነ በቀር አልመክረውም። ናይሎን ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በገበያ የሚገኘው የናይሎን መረብ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ለጌሾ ወይም ለሆፕ (እንደ ጌሾ ቢራን ለሚያመርረው አበባ) ማፍያ ትንሽ ከረጢት ይሻላል። ለብቅል ምርጫዬ ያለ ማመንታት ፖሊስተር ነው፦ ውኃ አይጠጣም፣ ሲሞቅ አይለጠጥም፣ ሲታጠብ በፍጥነት ይደርቃል፣ የሚቀልጠውም ከ250 ዲግሪ በላይ ነው።

ማዳበሪያ ብለን የምንጠራውን የተሸመነ የፕላስቲክ ጆንያ በተመለከተ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ዋጋው ትንሽ፣ ጥንካሬው ብዙ ስለሆነ ያጓጓል፤ ሆኖም ስሙ ራሱ እንደሚነግረን ቀድሞ ምን እንደ ተያዘበት አይታወቅም፤ የማዳበሪያ ወይም የኬሚካል ቅሪት በትኩስ ውኃ ተለቅልቆ ቢራ ውስጥ ከገባ ማንም ሊያወጣው አይችልም። አዲስ ቢሆንም እንኳ የሚሠራው ከፖሊፕሮፕሊን ሲሆን ይህ ፕላስቲክ በ160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል፤ ላዩ ላይ የታተመው ቀለምም ለምግብ የታሰበ አይደለም። ለእህል ማጓጓዣነት ይቆይ።

መርካቶ ወርዶ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ሻጩ «ፖሊስተር ነው» ስላለው ብቻ መቀበል የለበትም። ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዞ፣ ከሱቁ ወጣ ብሎ በክብሪት መለኮስ እውነቱን ያወጣዋል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ወደ አመድ ይለወጣል፣ ፖሊስተር ግን እየተኮማተረ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀዳዳዎቹ እኩል ሆነው መታየት አለባቸው፣ በሁለት አውራ ጣት ሲገፋም ክሮቹ ወዲያና ወዲህ ሸሽተው መስኮት መክፈት የለባቸውም። የሚመረጠው ነጭ፣ ጥልፍም ብልጭልጭም የሌለው ነው። ከመሰፋቱ በፊት ቁራሹን ለግማሽ ሰዓት መቀቀል ይገባል፤ ውኃው ቀለም ከያዘ ወይም የኬሚካል ሽታ ካመጣ ያ ጨርቅ መጋረጃ ሆኖ ይቅር።

ልኩ

ከረጢት ሲገዛም ሲሰፋም የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ልኩን በብቅሉ መጠን መወሰን ነው። አምስት ኪሎ ብቅል የሚይዝ ከረጢት አምስት ኪሎ ብቅል ለማብሰል አይበቃም፤ ብቅሉ ውኃ ሲጠጣ ያብጣልና፣ በጠባብ ከረጢት ውስጥ ተጨናንቆ እንደ ድቡልቡል ሊጥ ይሆናል፤ መካከሉ ያለው ዱቄት ውኃ ሳይነካው ይቀራል፣ ስታርቹም ሳይለወጥ ይወጣል። ትክክለኛው ከረጢት የድስቱን ውስጥ እንደ ልብስ ገበር ሸፍኖ፣ አፉ በድስቱ ከንፈር ላይ ተገልብጦ የሚቀመጥ ነው። ያኔ ብቅሉ በድስቱ ሙሉ ስፋት ይንሳፈፋል፣ ማማሰያውም እንደ ልብ ይዞርበታል።

ልኬቱን በምሳሌ ላሳይ። ስፋቱ 36 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር የሆነ ድስት 40 ሊትር ያህል ይይዛል። የድስቱ ዙሪያ 36 በ3.14 ሲባዛ 113 ሴንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ ከረጢቱ ጠረጴዛ ላይ ሲነጠፍ ስፋቱ ቢያንስ የዙሪያውን ግማሽ፣ ማለትም 57 ሴንቲሜትር መሆን አለበት፤ ለመንቀሳቀሻ ጥቂት ጨምሮ 60 ማድረግ ጥሩ ነው፤ ስፌት የሚበላው ጨርቅ ከዚህ ውጭ ይታሰባል። ጥልቀቱ ደግሞ የድስቱ ቁመት 40፣ ሥሩን ለመሸፈን የስፋቱ ግማሽ 18፣ ከንፈሩ ላይ ለመገልበጥ 15 ሲደመር 73 ይመጣል፤ 75 ተብሎ ይቆረጣል።

ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠምቅ ሰው የምመክረው ከዚህም የቀለለ ነው፤ ጨርሶ ስፌት የሌለው አራት ማዕዘን ጨርቅ። ለዚያው ድስት የአንድ ጎኑ ርዝመት እንዲህ ይሰላል፦ ሥሩ 36፣ ሁለቱ ጎኖች 80፣ በሁለቱም በኩል የሚገለበጠው 30፣ በድምሩ 146፤ እንግዲህ ሜትር ተኩል በሜትር ተኩል የሆነ ጨርቅ ይበቃል ማለት ነው። የመጋረጃ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ በስፋት ስለሚሸመን ይህን ያህል አንድ ወጥ ቁራጭ ማግኘት አያስቸግርም። ጨርቁ ድስቱ ላይ ይዘረጋል፣ መካከሉ በእጅ ተገፍቶ ሥሩን ይነካል፣ አራቱ ማዕዘኖች ውጭ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ ሲያበቃ ማዕዘኖቹ ተሰብስበው እንደ እቃ መቋጠሪያ ይታሰራሉ። የሚተረተር ስፌት የለውም። ጉድለቱ በድስቱ ግድግዳ ላይ እጥፋት ስለሚበዛበት ማማሰያው አልፎ አልፎ መያዙ ነው፤ ያንን ችግር ከስፌት መተርተር ጋር ሳነጻጽረው ግን ምንም አይደለም።

ከረጢቱን የግድ ማሰፋት የሚፈልግ ሰው ለልብስ ሰፊው ሦስት ነገሮችን ግልጽ አድርጎ ይንገረው። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ ስፌቱ ጠርዙ ተጠቅልሎ ሁለት ጊዜ የተሰፋ፣ እንደ ጂንስ ሱሪ የውስጥ ጎን ያለ ይሁን፤ የታችኛው ክፍል ከተቻለ በእጥፋት ይሠራ እንጂ በስፌት አይዘጋ፣ ማለትም አንድ ረጅም ጨርቅ መካከሉ ላይ ታጥፎ ሁለቱ ጎኖቹ ብቻ ይሰፉ። እጀታ ማድረግ ለሚሻ፣ የሻንጣ ማንገቻ የሚሆነውን ጥብቅ ጠፍር ከአንዱ አፍ ጀምሮ በከረጢቱ ሥር አሳልፎ እስከ ሌላው አፍ ድረስ ማስሰፋት ይሻላል፤ አፉ ላይ ብቻ የተሰፋ እጀታ ክብደቱን ሁሉ በአንድ መዳፍ የምታክል ጨርቅ ላይ ያሳርፈዋል። እርጥብ ብቅል ከነተሸከመው ዎርት ከ10 ኪሎ በላይ እንደሚመዝን መዘንጋት አይገባም።

ከወፍጮ ቤት እስከ ድስቱ

ብቅሉን ከእህል በረንዳ የገዛ ሰው ቀጥሎ የሚሄደው ወፍጮ ቤት ነው፤ እዚያም ባለወፍጮው የጠላ ብቅል መስሎት ልም አድርጎ እንዳይፈጨው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የምንፈልገው መጠን ቅንጬ ወይም ከዚያ ትንሽ የደቀቀ ነው፤ ፍሬው ሦስት አራት ቦታ ተሰባብሮ ቅርፊቱ ግን ቅርፊትነቱ ሳይጠፋ። ወፍጮው ከበርበሬ ወይም ከሽሮ በኋላ ከሆነ የቀረው ዱቄት ወደ ብቅሉ ስለሚገባ፣ መጀመሪያ አንድ ሁለት ጣሳ ተራ ገብስ አስፈጭቶ ማስወገድ ያስፈልጋል። ይህን ሳላደርግ ቀርቼ አንድ ሙሉ ጥምቅ ጉሮሮ የሚለበልብ ቢራ ሆኖብኛል።

የውኃው መጠን እንዲህ ይታሰባል። መጨረሻ ላይ 20 ሊትር ዎርት ከተፈለገ፣ በአንድ ሰዓት መፍላት ውስጥ በእንፋሎት የሚሄደው 4 ሊትር ያህል፣ አምስት ኪሎ ብቅል ከተጨመቀ በኋላም ይዞት የሚቀረው 3 ሊትር ያህል፣ በዝቃጭ የሚባክነው 1 ሊትር ሲደመር 28 ሊትር ይሆናል። ብቅሉ ራሱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሁለት ሦስተኛ ሊትር የሚያህል ቦታ ስለሚይዝ ድስቱ ውስጥ ያለው ሁሉ 31 ሊትር ተኩል ይጠጋል፤ 40 ሊትር የሚይዘው ድስት የተመረጠው ለዚህ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ከድኖ ሳይሆን ገልጦ ማሳደር፣ ወይም አንድ ጊዜ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ በኋላ የሚመጣውን የመድኃኒት ጣዕም ይቀንሳል።

ብቅሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሲጨመር ሙቀቱን ዝቅ ያደርገዋል። ለ5 ኪሎ ብቅልና ለ28 ሊትር ውኃ፣ ብቅሉ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ውኃውን 70.5 ዲግሪ ድረስ ማሞቅ ከተቀላቀለ በኋላ 67 ላይ ያሳርፈዋል። እዚህ ላይ ስለ ሙቀት መለኪያው አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መለኪያውን በፈላ ውኃ ነክሮ 100 ሲጠብቅ 92 ያየ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ማስተካከያውን እንዳይነካ፤ ቢነካው ብቅሉን ከሚገባው በስምንት ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት ይነክረዋል። አስተማማኙ መፈተሻ በረዶ የሞላበት ውኃ ነው፤ እሱ የትም ቢሆን 0 ነው።

ውኃው በሚፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ እሳቱ ይጠፋል፤ ከረጢቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አፉ በድስቱ ከንፈር ላይ ተገልብጦ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል። ብቅሉ አንድ ሰው ቀስ እያለ ሲጨምር ሌላው እያማሰለ ይገባል፤ በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ፣ ገንፎ የሚያገነፋ ሰው እንደሚያውቀው፣ ውጩ እርጥብ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይሠራል። ጓሉ ሁሉ እስኪፈርስ አማስሎ፣ ሙቀቱን ለክቶ፣ ድስቱን መክደን ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ እሳት አያስፈልግም፤ ድስቱ በብርድ ልብስ ወይም በወፍራም ጋቢ ከተጠቀለለ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚቀንሰው ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ቢሆን ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን በኤሌክትሪክ ምድጃ ለሚጠምቅ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከባዱ ሰዓት ያለ መብራት ያልፋል።

የግድ ማሞቅ ካስፈለገ ግን ከረጢቱ ከድስቱ ሥር መራቅ አለበት። ጨርቁ ሥሩ ላይ ሲተኛ በእሱና በብረቱ መካከል ያለው ቀጭን ፈሳሽ መዘዋወር ያቆማል፤ እዚያ ያለው ሙቀት መለኪያው ከሚያሳየው እጅግ ይበልጣል፣ ጨርቁም ያርራል ወይም ይቀልጣል። አንድ የሽቦ ፍርግርግ ወይም ድንች መቀቀያ ውስጥ የሚቀመጥ ቀዳዳ ያለው ሳሕን ከሥር ማድረግ ይህን ያስቀራል፤ ምናለሽ ተራ ለድስቱ ልክ የሚሆን ክብ ፍርግርግ በቀላሉ ይገኛል። ፍርግርግ ባይኖርም እሳቱን ለስለስ አድርጎ፣ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ያለማቋረጥ ማማሰል ይቻላል፤ ያደክማል እንጂ።

ሰዓቱ ሲሞላ ስታርቹ ማለቁን በአዮዲን መፈተሽ ይቻላል። ከፋርማሲ የሚገዛ ቁስል ማጠቢያ አዮዲን ነጭ ሳሕን ላይ ከተደረገ ጥቂት ጠብታ ዎርት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ስታርች ቀርቷል፣ ሩብ ሰዓት ይጨመር፤ ቀለሙ ቡናማ ወይም ቢጫ ሆኖ ከቀረ አልቋል። ጠብታው ቅርፊት የሌለበት ይሁን፤ ቅርፊት ሁልጊዜ ስለሚጠቁር ያሳስታል። የተፈተሸው ጠብታ ይደፋል እንጂ ወደ ድስቱ አይመለስም።

ማንሣትና መጭመቅ

ከረጢቱን ማንሣት ችኮላ የማይወድ ሥራ ነው። አፉ ተሰብስቦ፣ አንድ ሁለቴ ተጠምዞ፣ መጀመሪያ ከግማሹ በላይ ብቻ ከፍ ይደረጋል፤ እዚያ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ አብዛኛው ፈሳሽ ይወርድና ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ከላይ ጠንካራ ማገር ወይም የብረት ቋሚ ያለው ሰው ገመድ አስሮ ማንጠልጠል ይችላል፤ የሌለው ትልቅ የፓስታ ማጥለያ ወይም ያንኑ የሽቦ ፍርግርግ በድስቱ አፍ ላይ አጋድሞ ከረጢቱን ያሳርፍበታል። እኔ አሁን የማደርገው ሁለተኛውን ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ሲንጠባጠብ ማየት እንጂ መሸከም የለም።

መጭመቅ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው ላይ ጠማቂዎች አይስማሙም። ከረጢቱ ከተጨመቀ ታኒን ይወጣል የሚለው ሥጋት በብዛት ይሰማል፤ ሆኖም ታኒን የሚወጣው በዋናነት ሙቀቱ ከ77 ዲግሪ ሲያልፍና ፈሳሹ አሲድነቱን ሲያጣ እንጂ በእጅ ጉልበት አይደለም። ስለዚህ መጭመቅን እደግፋለሁ፤ ከአምስት ኪሎ ብቅል ውስጥ ሁለት ሊትር የሚሆን ጣፋጭ ዎርት ትቶ መሄድ ያሳዝናል። በጥብቅ የምቃወመው በባዶ እጅ መጭመቅን ነው። ከረጢቱ ውጩ ቢቀዘቅዝም መካከሉ ገና ከ60 ዲግሪ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ቆዳን በሰከንዶች ውስጥ ይልጣል። ክርን ድረስ የሚደርስ ወፍራም የላስቲክ ጓንት ማድረግ፣ ወይም ከላይ የድስት ክዳን አድርጎ መጫን ይሻላል። ሲጨመቅ ዎርቱ ትንሽ ይደፈርሳል፤ ከቢራው ጋር አብሮ ከሚፈላና ከሚጠል ዝቃጭ ጋር ስለሚወገድ አያሳስብም።

ጨምቆ ያላረካው ሰው ከ75 ዲግሪ ያልበለጠ ሁለት ሦስት ሊትር ውኃ በከረጢቱ ላይ ቀስ እያለ ማፍሰስ ይችላል፤ ይህን የሚያደርግ ከመጀመሪያው 28 ሊትር ላይ ያንኑ ያህል መቀነስ አለበት። ከዚህ በበለጠ ውኃ ማጠብ አልመክርም፤ ውኃው በበዛ ቁጥር ብቅሉ ውስጥ ያለው አሲድ ይቀጥናልና ያ የተፈራው ታኒን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

እጥበቱ

ከረጢቱ የሚያገለግለው ዎርቱ ከመፍላቱ በፊት ስለሆነ በመድኃኒት ማምከን አያስፈልገውም፤ ንጹሕ መሆን ብቻ ይበቃዋል። ጌሾ ወይም ሆፕ ይዞ ከፈላ በኋላ ወደ ቀዘቀዘ ቢራ የሚገባ ትንሽ ከረጢት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ በገባ ቁጥር ተቀቅሎ መግባት አለበት።

ብቅሉ ገና ትኩስ ሳለ ከረጢቱን ገልብጦ ማራገፍ ከሁሉ ይቀልላል፤ ከደረቀ በኋላ እያንዳንዱ ቅርፊት ከጨርቁ ጋር ይጣበቃልና አንድ በአንድ መልቀም ይሆናል። የተራገፈው ብቅል ላም ላለው ሰው ጥሩ መኖ ነው፤ ነገር ግን በቶሎ ስለሚኮመጥጥ በዚያው ቀን መወሰድ አለበት። ከረጢቱ ተገልብጦ በሚፈስ ውኃ፣ በተለይ ስፌቱ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ሽታ ያለው ሳሙናና ኦሞ አይነካው፤ ጨርቁ ላይ የሚቀረው የሳሙና ቅሪት የቢራውን አረፋ ያጠፋል። በረኪናም እንዲሁ፤ ናይሎንን ያበሰብሳል፣ ሽታውም በሚቀጥለው ጥምቅ ውስጥ ይገባል። ቡናማ ሆኖ የጠቆረ ጨርቅ በሞቀ ውኃና በጥቂት የመጋገሪያ ሶዳ አድሮ ሲታጠብ ይጸዳል፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ባይለቅም ጉዳት የለውም።

የክረምቱ ወራት ለከረጢት ክፉ ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ በረንዳ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ቀን ሙሉ ውሎ እርጥብ ሆኖ ይገባል፤ ተጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ በሳምንቱ የሻገተ ይሸታል። በዚያ ወቅት ጨርቁን ጥብቅ አድርጎ ጨምቆ፣ ቤት ውስጥ አየር በሚያልፍበት ቦታ ዘርግቶ፣ ስፌቱ ጭምር መድረቁን በጉንጭ ነክቶ ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ማጠፍ ይገባል፤ በበጋ ደግሞ ፀሐይ ናይሎንን ስለምታደክም ጥላ ይመረጣል። ከእያንዳንዱ ጥምቅ በፊት ከረጢቱን ወደ መስኮት ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ ስፌቱን በሁለት እጅ ወደ ጎንና ጎን ሳብ አድርጎ ማየት አንድ ደቂቃ አይወስድም። በመርፌ ቀዳዳዎቹ መካከል ብርሃን ረዘም ብሎ ከታየ፣ ያ ከረጢት በዚያን ቀን ብቅል አይያዝበት፤ በፖሊስተር ክር በላዩ እንደገና እስኪሰፋ ድረስ ይቆይ።